ግራ ዓይን ሞተ

ባለቤቴ ዓይኑ እየጠፋ እኔ ስለ መኪና እጨቃጨቅ ነበር። እንግዛ፣ የለም እንከራይ፤ እንግዛ፣ የለም እንከራይ፤ ሰባት ወር ሙሉ ቁርስ ላይ እሱ፣ እራት ላይ እሱ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ መጥቶ «አላወቅሽም እኮ፣ ምን ታደርጊ» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ኧረ ተዉኝ! ነግሮኛል። በገዛ አፉ፣ በእኔው ቋንቋ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነግሮኛል። እኔ ምን አደረግኩ? አማርኛውን አረምኩለት።

የአማርኛ መምህርት ነኝ። አሶሳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ኖሬያለሁ። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። አባቴ ከወሎ ሲመጣ ሌላ ነገር ባይይዝም ምላሱን ይዞ መጥቷል። እሱ ፊት ቃል ያበላሸ ልጅ ቃሉን ሳያቀና እራት አይበላም ነበር። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይለን ነበር። ይህ ተረት እንደ እኔ የደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ በርታ። አፉን የፈታው በበርታኛ ነው፤ ቁርአኑንና ገበያውን በዓረብኛ ለመደ፤ አማርኛን ግን የተማረው መሪ ጨብጦ፣ መንገድ ላይ ነው። የእሱ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። ቃሉን ያስቀምጥና ጭራውን ይተወዋል። «ቤት ሄደ» ካለ ወይ ሄጃለሁ ማለቱ ነው፣ ወይ ሂጂ ማለቱ ነው፣ ወይ ልጅቷ ሄዳለች ማለቱ ነው፤ ፊቱን አይቶ መለየት ነው። በሰርጋችን ሰሞን መጀመሪያ ሲያጎርሰኝ፣ እህቶቼ ከበውን በተቀመጡበት፣ «እንካ!» አለኝ። እህቶቼ በሳቅ ፈረሱ። «እንኪ በል እንጂ! ወንድ አገባህ እንዴ?» አልኩት። «እሺ መምህር» አለ። ቀጥሎ ሲያጎርሰኝም «እንካ»። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ «እንካ»፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ «እንኪ በል»። ልጆቻችን እንኳ ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ «እማዬ፣ እንካ» ይሉኝ ነበር።

ሥራው ሹፌርነት ነው። ከስደተኞች ጋር ለሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሐኪምና መምህር ጭኖ ከአሶሳ ሸርቆሌ ይመላለስ ነበር። ለቤታችን ደግሞ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችን፤ እኔን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ እሷን መሥሪያ ቤቱ አቁሞ፣ የድርጅቱን መኪና ይዞ ይወጣል።

ዓምና ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የስምንተኛ ክፍል ደብተር አርማለሁ። ከሥራ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ግራ ዓይን ሞተ» አለኝ።

ቀና አላልኩም። የነጯ መኪናችን መብራት ክረምት በመጣ ቁጥር ይበላሽ ስለነበር እሱ ነው ብዬ ነው። «ዓይን አይባልም» አልኩት ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀርኩ። «ዓይን የሰው ነው። የመኪና ከሆነ የፊት መብራት በል። ደግሞ መብራት አይሞትም፣ ተቃጠለ ነው የሚባለው።»

«እሺ መምህር፣ ተቃጠለ» አለና ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ የመኪና አምፖል ገዛሁ። ደስ ይለዋል ብዬ ነዋ! ቤት ገብቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና «አብሽር፣ ይኸው የግራ ዓይንህ» አልኩት። በራሴ ቀልድ ራሴ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ካርቶኑን አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ክረምቱ ሲወጣ «ሥራ ቀረ» አለኝ። ያን ሰሞን ድርጅቶቹ በጀት አነሰን እያሉ ሰው ይቀንሱ ነበር፤ ከሰፈራችንም የተቀነሱ ነበሩ። ሥራው ቀረብኝ ማለቱ መስሎኝ «አላህ ሌላ በር ይከፍታል» አልኩት። ለካ ሥራውን ተውኩት ማለቱ ነበር። ማንም አላባረረውም። በዚህ ዓይን የሰው ልጅ አልጭንም ብሎ ቁልፉን በገዛ እጁ አስረክቦ ነው የመጣው። ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

ብዙ ሳይቆይ የነጯ መኪና ሞተር አለቀለትና ቆመች። ለዕቃዋ የፈለጋት ሰው መጥቶ ወሰዳት። ከመውሰዱ በፊት ሲፈትሻት መብራቶቿን አበራ፤ ሁለቱም ቦግ አሉ። አየሁ። የገዛሁለትን አምፖል ቀይሮት ነው አልኩና አለፍኩት። ኋላ ሳገኘው ግን አምፖሉ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከካልሲው ሥር ነበር።

ያለ መኪና አይሆንልንም። ትምህርት ቤቴ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ያወርደናል፣ ከዚያ በእግር ነው። ትንሿ ልጄም አብራኝ ነው የምትማረው። መኪና ያስፈልገናል ብለን ተስማማን፤ የተስማማነውም በዚያ ብቻ ነው።

እኔ እንግዛ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቴ ዕድሜውን ባረሰው መሬት ላይ አንድም ቀን አፉን ሞልቶ «የኔ» ሳይል ነው የሞተው። አምጥተው አሰፈሩት፣ ቁጥር ሰጡት፤ ግርግር በተነሳ ቁጥር ደግሞ «አንተ መጤ» የሚለው አይጠፋም። እናቴ ጓዟን አስራ በር በሩን እያየች የተቀመጠችበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ ቤት የወጣች ሴት ኪራይ የሚባል ነገር አትወድም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አልኩት። «የምታጥበው የሰው፣ ጎማ የምትቀይርለት የሰው! ኋላ ደግሞ ና መልስ ይሉሃል፣ አስረክበህ በእግርህ ትመጣለህ።»

«ኢጃር ይሻላል» ይላል እሱ። ኢጃር ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ ኪራይ ማለት፤ እነሱ ቤት እንዲያ ነው የሚባለው። «ሁለት ዓመት ኢጃር። ከዛ መኪና ይመለሳል። በቃ።»

«ለምን ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት በቃ።»

«ከሁለት ዓመት በኋላስ በምን ልንሄድ ነው? በአህያ?»

ድሮም ብዙ አይናገርም። አማርኛው ለክርክር እንደማይበቃው እያወቅኩ በቃላት አጥለቀልቀው ነበር። እሱ አንዱን ቃል ፈልጎ እስኪያገኝ እኔ አሥር ተናግሬ፣ መልሱንም ራሴ መልሼ ጨርሻለሁ። በዚያ ሰባት ወር አንድም ቀን ተረትቼ አላውቅም።

ትልቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ናት። እሷ ደግሞ እየደወለች «አሁን አዲስ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው፣ ነዳጅ ፍለጋ መንከራተት ይቀርላችኋል» ትለናለች። ፎቶ ላከችልን። ቆንጆ ናት ወላሂ፣ ሰማያዊ። ጎረቤቴ ስልኩን ተቀብላ አየችና «ምን ችግር አለው፣ ግድቡ እንደሆነ እዚሁ እኛው ክልል ነው፤ ገመድ ዘርግታችሁ መሰካት ነው» አለች። ሳቃችንን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። በስልኩ ብርሃን ለእሱ አሳየሁት። ስልኩን ወደ ቀኙ ወስዶ፣ ፊቱን ዘንበል አድርጎ፣ አፍንጫው ሥር አቅርቦ ረጅም ጊዜ አየው። «ቀለም ጥሩ» አለ። ልቡ የተነካ መስሎኝ ደስ አለኝ። መልሶ ሰጠኝና «ኢጃር» አለ።

ያቺው ጎረቤቴ ናት ነገሩን ያቀጣጠለችው። «እቴ፣ ወንድ ልጅ ንብረት አልገዛም ሲል ሌላ ጎጆ አስቧል ማለት ነው» አለችኝ ልብስ እያሰጣን። «ሁለት ዓመት አለሽ? እንግዲህ ለሁለት ዓመት ቀጥሮሻል።» መጀመሪያ ሳቅኩባት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ቢያገባ ሃይማኖቱ እንደማይከለክለው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ ማስረጃ ሆነ። በግራው በኩል ሳልፍ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ጠልቶኛል አልኩ። ሻይ ሳቀርብለት እጁ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛውን ይዳብሳል፤ ልቡ ሌላ ቤት ነው አልኩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከደጅ መውጣት ተወ፤ ቀን ቀን ነው የሚያገኛት አልኩ። መኝታ ላይ ቦታ ቀይሮ እኔን ወደ ቀኙ አደረገኝ፤ ይህን እንኳ በክፉ ተረጎምኩት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ፈነዳሁ። «ዓይንህ ውጭ ውጭ ማየት ጀምሯል! የማላውቅ መስሎሃል?» አልኩት።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ዓይን?» አለ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ እንደዚያ ዓይነት ፈገግታ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም። «ዓይን የት ያያል።»

ያላገጠብኝ መሰለኝና ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።

በሰባተኛው ወር ደከመኝ። «እሺ፣ ኢጃርህን አሳየኝ» አልኩት። ወደ ባለ መኪናው ወሰደኝ። ባለ መኪናው የአምባችን ልጅ ነው፣ ከእኔ ጋር ያደገ፣ ለባለቤቴም ጓደኛው። መኪና እየገዛ ለእርዳታ ድርጅቶች ያከራይ ነበር፤ ድርጅቶቹ ሲቀንሱ ሦስት መኪና ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞበት ቀረ። አሁን ለቤተሰብም በውል ይሰጣል። «እህቴ፣ ገዝቶ ከመጨነቅ ተከራይቶ መተኛት!» አለኝ። ከሦስቱ ግራጫዋ ይሻላል ተባለ። «በሆሞሻ መንገድ ወጣ ብላችሁ ሞክሯት» ብሎ ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጠው።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ተናደድኩ። ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው እንደ ለማጅ ያዘግማል። አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያዞራል፣ ልክ እንደ ዶሮ። «ምነው፣ ሙሽራ ጭነሃል እንዴ?» አልኩት። «መኪና አልለመደ» አለኝ። እኔ ደግሞ ኪራይ እንዲህ ነው፣ የሰው ንብረት እያስፈራው ነው ብዬ በሆዴ ድል አደረግኩ።

ከከተማው ወጥተን የቀርከሃ ደኑን እንዳለፍን አንዲት ሴት ከግራ በኩል መንገዱን ልታቋርጥ መጣች። የአገሩ ሴቶች እንደሚሸከሙት በትከሻዋ ላይ አግዳሚ እንጨት አድርጋ በሁለቱ ጫፍ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥላለች። ከሩቅ አየኋት። ያያታል ብዬ ዝም አልኩ፤ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማን አያያትም? እሷም አይቶኛል ብላ ገባች። አልቀነሰም። «ሴትየዋን!» ብዬ ስጮህ ፍሬን ያዘ። የእንጨቱ ጫፍ የግራውን ስፖኪዮ ገንጥሎት ሄደ፤ አንዱ ጀሪካን ፈነዳ፤ ሴትየዋ ተሽከርክራ አቧራው ላይ ቁጭ አለች።

አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነችም። ብድግ ብላ በበርታኛ አወረደችበት። ቃሉን ባላውቀውም ስድብ አስተርጓሚ አይፈልግም። ባለቤቴ ወርዶ ፊቷ ቆመ። አልተከራከረም። ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ነገር ተናገረ፤ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያልቅ ነገር ነው። ሴትየዋ ስድቡን ተወች። ቀረበችውና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። በመዳፏ ቀኝ ዓይኑን ከድና፣ በሌላው እጇ ጣቶቿን በግራ ዓይኑ ፊት ወዲያ ወዲህ አለች። ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን አላት? ምን አለሽ?» እላለሁ እኔ መሐላቸው ቆሜ። ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ከቋንቋው የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቁጥር ነው። እሱ የእኔን እየተሰበረም፣ እየተሳቀበትም ተማረ። እኔ የእሱን ልማር ብዬ አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። መምህርት ነኝ እኮ! መንገድ ዳር፣ ለማያውቃት ሴት፣ በአንድ ትንፋሽ የነገራትን ነገር እኔ ሚስቱ አስተርጓሚ እጠይቃለሁ።

ሴትየዋ ዞራ አየችኝ። «አንተ ሚስት ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ግራ ዓይን ሞተ ይላል። ቀኝ ዓይን እየሞተ። ሚስት አያውቅም ይላል።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ዝናቡ፣ ደብተሩ፣ ቀዩ እስክሪብቶ። «ይኸው የግራ ዓይንህ» ያልኩት፣ የሳቅኩት። የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ።

ለጀሪካኑ እንክፈልሽ ብንላት እምቢ አለች። ባለ አንድ ጀሪካን ስትሆን እንጨቱ አልመዛዘን አላት፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ፈልጋ በባዶው ጫፍ አሰረችበትና ተሸክማ ሄደች። እስክትርቅ አየኋት። እሱም ወደሄደችበት ዞሮ ነበር፤ ያያት ግን አይመስለኝም።

ከሁለታችን መንዳት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ነዳ። እኔ እጮሃለሁ፦ «ፍየል፣ በግራ። ባጃጅ መጣ። ሰው አለ፣ ሰው፣ ቁም!» እንዲህ ሆነን ከተማ ገባን። ከተገነጠለው ስፖኪዮ ሽቦው ተንጠልጥሎ በሩን እየመታ ነበር።

ማንጎው ሥር ቆመን፣ ሳንወርድ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ተቆጥቶ ቢመልስልኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሪውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ነገረ» አለ። «አንተ አረመ።»

ነገርኩሽ፣ አንቺ አረምሽኝ። ጭራ የለውም፤ የጎደለ ነገር ግን አልነበረውም።

ከዚያ የቀረውን ቀስ በቀስ አወጣልኝ። ሸርቆሌ ካምፑ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያ ዓይኑን አይቶለት ነበር፤ ቶሎ ወደ ትልቅ ሐኪም ሂድ፣ ካልሆነ ቀኙም ሁለት ዓመት ቢቆይልህ ነው ብሎታል። እሱም ቤት መጥቶ ሊነግረኝ ተቀመጠ። ያቺ ማታ ነበረች። አርሜው ስጨርስ ድጋሚ የሚጀምርበት ቃል አጣ። እያደር ደግሞ ዝምታው ለመደበት። «ሁለት ዓመት ዓይን አለ» አለኝ። «ሁለት ዓመት መኪና አለ። ዓይን ሲሄድ መኪና ይሄዳል። ደጅ ቆሞ ሰው አይጠብቅ።» እኔ በሁለተኛ ሚስት ስቃጠል እሱ ዓይኑን በኪራይ ውል እየለካ ኖሯል። ሌላ ሴት ያለችህ መስሎኝ ነበር አልኩት። «አንድ መምህር በቃ» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ራሴን ዳሽቦርዱ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ።

ለመኪና ያሰብነውን ይዘን አዲስ አበባ በረርን። የዓይን ሐኪሟ በማሽን አየችው፣ ጠብታ ጨመረችበት፣ ደግማ አየችው። ግላኮማ ነው አለች። ዓይኑ ውስጥ ግፊቱ ጨምሮ ነርቩን ገድሎታል፤ ግራው አይመለስም፤ ቀኙ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ነው። የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፣ ጠብታው የቀረውን ያቆይለት እንደሆነ እንጂ። «ሁለት ዓመት» ብላት፣ ዓመት መቁጠር አይቻልም፣ ሊያንስም ይችላል አለችኝ። መንዳት ከዛሬ ጀምሮ አይሆንም አለች።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ዓምና ክረምት» አልኩ።

«ያኔ ብትመጡ ኖሮ ቀኙ እዚህ አይደርስም ነበር» አለችና ወረቀቷን ጻፈች። «ለማንም አልተናገረም?»

«ለእኔ ተናግሯል።»

እስክሪብቶዋን አቁማ ጠበቀችኝ።  ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ መጮህም አቃተኝ። እሱ ወንበሩ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የምንለውን ሁሉ እየሰማ፣ የግድግዳውን ፖስተር የሚያይ ይመስል ነበር።

ከተመለስን በኋላ እኔ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተመዘገብኩ። በዚህ ዕድሜዬ! አሠልጣኙ የልጄ እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረው። «መምህርት፣ ግራሽን እይ! ግራሽን ማን ይይልሽ?» ብሎ በጮኸብኝ ቁጥር ዓይኔ እንባ ይሞላል፤ ተናዳ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ቤት ስገባ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኛል። «ማርሽ እንዴት?» ይለኛል። «አስቸገረኝ» እለዋለሁ። እጄን ይዞ፣ ጉልበቱን መኪና አድርጎ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ያስቆጥረኛል።

አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጠን «በቋንቋህ ዓይን ምን ይባላል?» አልኩት። ነገረኝ። ደግሜ አልኩት። ትንሿ ልጄ ከውስጥ ሰምታ በሳቅ ሞተች፤ እንዴት እንዳበላሸሁት እንጃ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ጥሩ» አለኝ። «ጥሩ ነው።» ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሲታረም የኖረ ሰው እኔን አንዴም አላረመኝም።

መንጃ ፈቃዱ በእጄ ሲገባ ነሐሴ ሆኖ ነበር። ለውሉ የሄድንበት ቀን ጁምዓ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ባለ መኪናው ከመስጊድ መመለሱ ነበር፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። እኔም ነጭ ነው የለበስኩት። ግራጫዋ ማንጎው ሥር ቆማለች፣ አዲስ ስፖኪዮ ገብቶላታል።

«እህቴ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ እንግዛ እንግዛ ስትይ የነበረው?» አለኝ ባለ መኪናው ወረቀቱን እያወጣ። «ለረጅም ጊዜ ከሆነ እሸጥልሻለሁ እኮ። ለስንት ዓመት ልጻፈው?»

«ሁለት» አልኩ።

ሁለት ዓመቱን የመረጠው እሱ ነው። እሱ እያየ ከመረጠው ነገር የቀረን ያ ብቻ ነው፤ ልነካበት አልፈለግኩም። የኔ፣ የራሴ የምለው መኪና ደጄ ላይ ቆሞ እሱ በእጁ እየዳበሰ ሲዞረው ማየትም አልችልም። ኢጃር ይሁን። ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጣመመ ፊርማ ፈርሜ አላውቅም።

ባለ መኪናው ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጠው። ልማድ ሆኖበት ነው፤ ሃያ ዓመት ቁልፍ ሲቀበል ያየው እሱን ነዋ። ባለቤቴ ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ይዞ በአውራ ጣቱ የቁልፉን ጥርስ ዳሰሰው። ከዚያ ቀና አለ። እኔና ባለ መኪናው ጎን ለጎን ቆመናል፣ ሁለታችንም ነጭ ለብሰን፣ ፀሐይዋ ከኋላችን። እጁን ዘረጋ። ቁልፉ የመጣው ወደ እኔም አይደለም፣ ወደ እሱም አይደለም፤ በመሐላችን ነው።

«እንካ» አለ።

ባለ መኪናው አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ለእኔ ያለው ከሆነ፣ ከሰርጋችን ሰሞን ጀምሮ የተሳሳተውን ስህተት ነው የተሳሳተው። ጓደኛው መስዬው፣ ቁልፉን ለሰውየው እየመለሰ ከሆነ ግን አማርኛው ልክ ነው፤ የጠፋው ቀኝ ዓይኑ ነው።

ያ ረቢ፣ ስህተት ይሁን አልኩ በሆዴ። እጄን ቁልፉ ወዳለበት ወስጄ ተቀበልኩት።